ብዛቱን እንለካ ወይስ ሥራውን? ሆርሞን ተሸካሚውን ፕሮቲን ስለ መለካት የተደረገ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። የደም ምርመራ ኪት በሚያዘጋጅ ትንሽ ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ፕሮቲን ላይ ከተጠመድን ሁለት ዓመት ሆነን። ኤስኤችቢጂ ይባላል። ጉበት ይሠራዋል፤ የጾታ ሆርሞኖችን፣ በተለይ ቴስቶስትሮንን፣ ተሸክሞ በደም ውስጥ ይዞራል። በወንድ ደም ውስጥ ካለው ቴስቶስትሮን 98 በመቶው በዚህ ፕሮቲን የተያዘ ነው። የተያዘ ሆርሞን ደግሞ እንደ ልቡ ወደ ሴል አይገባም። ስለዚህ ጠቅላላ ቴስቶስትሮን ተለክቶ ተሸካሚው ካልተለካ፣ ለታካሚው የተነገረው የወሬው ግማሽ ብቻ ነው።

ፕሮቲኑን በሁለት መንገድ መለካት ይቻላል። አንደኛው ብዛቱን ማወቅ ነው። አንድ አንቲቦዲ (የተወሰነ ነገርን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) ፕሮቲኑን ይይዘዋል፣ ብርሃን የሚሰጥ ሌላ አንቲቦዲ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ ብርሃኑ ይነበባል። ሁለተኛው ሥራውን ማወቅ ነው፤ ምን ያህል ሆርሞን መያዝ እንደሚችል። እኛ የመጀመሪያውን መረጥን። አሁን በእጃችን ሁለት የአንቲቦዲ ጥንዶች አሉ። በአብዛኛው ናሙና ላይ ይስማማሉ። በ11 ሰዎች ደም ላይ ግን ሁለተኛው ጥንድ ከመጀመሪያው በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ደግመን ብንለካም የሚለያዩት በእነዚያው ሰዎች ላይ ነው። የትኛውን እንመን?

ጥያቄዬ ይኸው ነበር። የውይይቱ ክር ሦስት ሳምንት ቆይቶ 31 ምላሽ ደረሰው። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ ስለሚከብድ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአንድ አንጋፋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። እህቴ ብለው ሰላምታ ሰጥተውኝ ጀመሩ። አንቲቦዲው ሳይመጣ በፊት ይህ ፕሮቲን እንዴት ይለካ እንደነበር ነገሩን። ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ያለበት ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን (የቴስቶስትሮን ዘመድ የሆነ ሆርሞን) ከሴረሙ፣ ማለትም ሴሎቹ ከተለዩ በኋላ ከሚቀረው የደም ፈሳሽ፣ ጋር ይቀላቀላል። ፕሮቲኑ የያዘውን ይዞ በአሞኒየም ሰልፌት እንዲዘቅጥ ይደረጋል። የዘቀጠው ጨረር ይቆጠራል። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። ሙቀቱ ትንሽ ከተዛባ ወይም ሠራተኛው ከተቀየረ ውጤቱም ይቀየራል። አንቲቦዲው ሲመጣ ሁሉም እፎይ ማለቱን አልሸሸጉም። ግን በዚያ አድካሚ ዘዴ የሚለካው የፕሮቲኑ ሥራ እንደነበር አስታወሱኝ። ተሸካሚዎችን መቁጠርና የሚሸከሙትን ጭነት መመዘን የተለያየ ነገር ነው። ይህ አባባላቸው እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ ተከተለን።

ምላሽ 2

ይኼኛው እርማት ነው፣ እርማቱም ልክ ነው። 98 በመቶው በኤስኤችቢጂ የተያዘ ነው ማለቴ ስህተት ነበር። በወንድ ደም ውስጥ ወደ 44 በመቶው ገደማ ነው በኤስኤችቢጂ በጥብቅ የሚያዘው። ግማሽ ያህሉ አልቡሚን በተባለ ሌላ የደም ፕሮቲን ላይ ላላ ብሎ ተቀምጧል፤ ከዚያ በቀላሉ ይለቀቃል። ፍጹም ነጻ ሆኖ የሚዞረው ወደ 2 በመቶ ነው። ጸሐፊው በትሕትና ነው ያረመኝ፤ ነገር ግን ኪት የሚሠራ ሰው ሁለቱን ማምታታት እንደሌለበት ሳይጠቁም አላለፈም። መነሻውን ጽሑፍ ሳልነካ የተውኩት እርማቱ ከምን ተነስቶ እንደሆነ እንዲታይ ነው።

ምላሽ 3

አንዲት የሆርሞን ሐኪም ገብታ ምርመራው ማንን እንደሚጠቅም አስረዳች። ይህን ምላሽ ለቡድናችን በሙሉ አትሜ ሰጥቻለሁ።

ከመጠን በላይ የወፈረ ወንድ ድካም ይሰማኛል ብሎ ይመጣል። ጠቅላላ ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ግን ውፍረትና ጉበት ላይ የተከማቸ ስብ ኤስኤችቢጂን ራሱን ያወርዱታል። ተሸካሚው ሲያንስ ጠቅላላውም ያንሳል፤ ነጻው ሆርሞን ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ሆርሞን አንሶሃል ተብሎ መርፌ ከተጀመረለት፣ የራሱ አካል ማምረቱን ያቆማል። ዕድሜው የገፋ፣ የታይሮይድ ሆርሞን የበዛበት ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ተሸካሚው ይበዛል፣ ጠቅላላው ያማረ ቁጥር ያሳያል፣ ሰውየው ግን በነጻው ሆርሞን እጥረት ይቸገራል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለ የሆርሞን መዛባት ያለባቸው ሴቶች ላይም ኤስኤችቢጂ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ከዚህ የተነሳ ጠቅላላ ቴስቶስትሮናቸው ኖርማል መስሎ፣ ያለ ቦታው የሚበቅለው ፀጉርና ብጉር ግን ሌላ ይናገራል።

ነጻውን ሆርሞን ከሁለቱ ቁጥሮች አስልቶ ማግኘት እንደሚቻልም ጨመረች። ቬርሜውለንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በኪታችን ውስጥ ያለ ስህተት በዚያ ቀመር በኩል አልፎ ሕክምና ላይ እንደሚያርፍ ያሳሰበችን እሷ ናት።

ምላሽ 4 እና 5

ሁለቱም ከአንድ ሰው ናቸው። ባለሙያ አይደለም፣ ታካሚ ነው። በወጣትነቱ ለሌላ ጉዳይ ደም ሲመረመር የታይሮይድ ሆርሞኑ ማለትም ጠቅላላ ቲ4 በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ክኒን ተጀመረለት። ልቡ እየመታ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ እያጣ ዓመታት ዋጠው። ታይሮይድ በልኩ መሥራቱን የሚያሳየው፣ ቲኤስኤች የተባለው ሌላው ምርመራ ከመጀመሪያው ጀምሮ ኖርማል ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም የታይሮይድ ሆርሞን ተሸካሚውን ፕሮቲን፣ ቲቢጂን፣ አስለካለት። ከነጭራሹ የለውም።

በሁለተኛው ምላሹ የቤተሰቡን ነገር ጻፈ። የእህቱ ልጅም እንደዚሁ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ፕሮቲን ጂን በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ በእናት በኩል ይወርዳል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ በወንዶች ላይ ነው። ፕሮቲኑ የሌለው ሰው በሽተኛ አይደለም። ነጻው ሆርሞን ትክክል ነውና ምንም አይጎድለውም። የተጎዳው ከመድኃኒቱ እንጂ ከጉድለቱ አይደለም። ይህን ሳነብ የምንሠራው ነገር ክብደት ተሰማኝ።

ምላሽ 6 እና 7

የእሱ ታሪክ ሌሎችን አስነሳ። አንዲት ሴት የወሊድ መከላከያ ክኒን እየወሰደች ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) ተለክቶላት ከፍ ብሎ በመገኘቱ፣ ለወራት ይህን ሆርሞን በሚሠራው አድሬናል ዕጢዋ ላይ እባጭ ያለባት መስሏት በፍርሃት እንደኖረች ተናገረች። ክኒኑ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን የኮርቲሶልን ተሸካሚ፣ ሲቢጂን፣ እጥፍና ከዚያ በላይ ያሳድገዋል። ክኒኑን አቁማ ከስድስት ሳምንት በኋላ ስትመረመር ሁሉም ኖርማል ሆነ።

ቀጥሎ የጻፈችው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። እዚያ ያለው ችግር ተቃራኒ ነው። በጠና የታመመ ሰው ፕሮቲኑ ይሟጠጣል፣ ጠቅላላ ኮርቲሶሉም አብሮ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት፣ ፕሮቲናቸው ካነሰ ጽኑ ሕሙማን ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ጠቅላላ ኮርቲሶላቸው ዝቅ ብሎ እንደታየ አስታወሰች። አድሬናል ዕጢያቸው ግን በደንብ እየሠራ ነበር።

ምላሽ 8 እስከ 10

እዚህ ላይ ድምፁ ጠነከረ። ስምንተኛው ጸሐፊ ጥያቄው ስለ ሁለት አንቲቦዲ ሆኖ ሳለ ክሩ የታሪክ ማውጊያ መሆኑ አናደደው። የራሱ አቋም አጭር ነበር፤ ተሸካሚውን መለካት ትርፍ ድካም ነው፣ የሚፈለገው ነጻው ሆርሞን ከሆነ እሱን ራሱን መለካት ይበቃል። ዘጠነኛው ተስማማ።

አሥረኛው መልስ የሐኪሟ ነው፤ ከቅድሙ ይልቅ ኮምጨጭ ብላ ነው የመጣችው። ነጻውን ሆርሞን በትክክል ለመለካት ሴረሙን በስስ ሽፋን አሻግሮ፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሁለቱ ወገን እስኪመጣጠን ለብዙ ሰዓታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ ላቦራቶሪ ጥቂት ነው። ነጻ ቴስቶስትሮን በአቋራጭ እንለካለን የሚሉ ርካሽ ኪቶች ደግሞ በተለይ በሴቶች ላይ የማይታመኑ መሆናቸውን የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የአቋም መግለጫ አስታውቋል። ስምንተኛው ጸሐፊ መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 11

ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው። ጸሐፊዋ ተመራማሪ ትመስላለች። አንቲቦዲ ሲሳሳት የሚመጣውን ጣጣ በቫይታሚን ዲ ተሸካሚው ፕሮቲን ታሪክ አሳየችን።

እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ትልቅ ጥናት በዚያው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጣ። ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮቹ ይልቅ ያነሰ የቫይታሚን ዲ መጠን ብቻ ሳይሆን ያነሰ ተሸካሚ ፕሮቲንም እንዳላቸው፣ ስለዚህ ሴል የሚደርሰው ቫይታሚን እኩል እንደሆነ ደመደመ። ብዙ ሰው አመነው። ፕሮቲኑ የተለካው ግን በሞኖክሎናል አንቲቦዲ፣ ማለትም የፕሮቲኑን አንድ ቦታ ብቻ በሚያውቅ አንቲቦዲ ነበር። ይህ ፕሮቲን በሰው ልጆች ዘንድ በዋነኛነት በሦስት ዓይነት ይገኛል። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚታየውን ዓይነት ያ አንቲቦዲ በደንብ አያየውም ነበር። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ሌሎች ቡድኖች ብዙ ቦታ በሚያውቁ ፖሊክሎናል አንቲቦዲዎችና በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ ዘዴ) ሲለኩት፣ የተባለው ልዩነት ጠፋ። ፕሮቲኑ አላነሰም። ያላየው አንቲቦዲው ነው።

ከዚህ ተነስታ የእኔን ጥያቄ መለሰች። ልዩነቱ ሁልጊዜ በእነዚያው 11 ሰዎች ላይ ከታየ የመለካት ግድየለሽነት አይደለም፤ በፕሮቲናቸው ላይ የሆነ ነገር አለ። ኤስኤችቢጂም ዓይነት አለው። ከታወቁት አንዱ በ327ኛው ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ተቀይሮ ተጨማሪ የስኳር ሰንሰለት የሚሰካበት ነው። ያ ስኳር ሁለተኛው የአንቲቦዲ ጥንድ የሚይዝበትን ቦታ ሸፍኖት ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረች።

ምላሽ 12 እስከ 16

ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። አንዱ የ2013ቱን ጥናት ሠሪዎች በክፉ ዓላማ ከሰሳቸው። ሌላው ተቆጥቶ ተከላከለላቸው፤ ሳይንስ ራሱን ያረመው ሌሎች እንደገና ስለለኩት መሆኑን አስረዳ። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ፤ የመድረኩ አስተዳዳሪም ስድቡን አጠፋው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ግን የመጀመሪያው ሰው ምሬት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ ሕዝብ ስም ተጽፎ ሲነበብ ቀላል ነገር አይደለም።

ምላሽ 17 እና 18

አንድ ወጣት ኬሚስት ሁሉን ትተን ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሪ እንድንሄድ መከረ። ፕሮቲኑ ትሪፕሲን በተባለ ኤንዛይም ይቆራረጣል፣ የቁራጮቹ ክብደት ይለካል፣ አንቲቦዲ የሚባል ጣጣ የለም።

አንጋፋው ባለሙያ ተመልሰው መጡና ምክሩን ሳይነቅፉ ሁለት ጥያቄ ጠየቁት። የጂን ለውጡ ያረፈው ለመለኪያ በተመረጠው ቁራጭ ላይ ከሆነ ምን ይሆናል? ማሽኑ ያንን ሰው ጨርሶ ሊያጣው ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሲቢጂ ነው። እብጠት ባለበት ቦታ ነጭ የደም ሴሎች የሚለቁት ኤላስቴዝ የተባለ ኤንዛይም ይህን ፕሮቲን አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ፕሮቲን ኮርቲሶሉን ይለቃል፤ ለቁስሉ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ፕሮቲኑ ግን ከደም አልጠፋም። ቁራጭ የሚቆጥር ማሽን እንደ ጤነኛ ሊቆጥረው ይችላል። ተሸካሚው ቆሟል፣ እጁ ግን አይሠራም። ኬሚስቱ ይህን እንዳላሰበው አምኖ አመሰገናቸው። በዚህ ክር ውስጥ ካየኋቸው ጨዋ ምልልሶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ምላሽ 19 እና 20

እዚህ ተግባራዊ ሆንን። አንዱ ስኳሩን በኤንዛይም ከፕሮቲኑ ላይ አንስተን ሁለቱን ጥንዶች እንደገና እንድናወዳድር ሐሳብ አቀረበ። ልዩነቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ስኳሩ ነው። ሌላው አስጠነቀቀ። ፕሮቲኑ ቅርጹን እንደያዘ ከሆነ ኤንዛይሙ ስኳሩን ሁሉ ላይደርስበት ይችላል፤ ቅርጹን ካፈረስነው ደግሞ አንቲቦዲው ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ በልዩነቱ አለመጥፋት ብቻ ስኳሩን ነጻ እንዳናወጣው መከረን።

ምላሽ 21 እስከ 25

ክሩ ከመንገድ ወጣ። አንዲት ሴት ለፀጉሯ የምትወስደው ባዮቲን ውጤቷን ሊያዛባ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። ጥያቄው ከርዕሱ ቢርቅም ጠቃሚ ነው። ብዙ ኪቶች አንቲቦዲውን በባዮቲን በኩል ነው የሚይዙት። የቀን ፍላጎታችን 30 ማይክሮግራም ገደማ ሆኖ ሳለ የፀጉር ክኒኖች 5,000 ወይም 10,000 ይዘው ይገኛሉ። እንደኛ ባለ በሁለት አንቲቦዲ በሚሠራ ምርመራ ትርፉ ባዮቲን ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ያደርገዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መልሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ከምርመራው በፊት ለሐኪሟ እንድትነግር ለመንኳት።

ከዚያ አንድ ጎረምሳ ጂም ቤት ሰምቶ ኤስኤችቢጂን የሚያወርድ ክኒን ጠየቀ። ሐኪሟ አልማረችውም። ዝቅተኛ ኤስኤችቢጂ ብዙ ጊዜ ኋላ ከሚመጣ የስኳር በሽታ ጋር አብሮ እንደሚታይ፣ ይህን ፕሮቲን ማውረድ ግብ ሊሆን እንደማይችል ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። ልጁ ተቀየመ። ትንሽ ለስለስ ብትልለት ይሻል ነበር። የጠየቀው ስላላወቀ ነው።

ምላሽ 26 እና 27

አንድ የመለኪያ ባለሙያ ወደ ጉዳዩ መለሰን። የዓለም ጤና ድርጅት ለኤስኤችቢጂ ያዘጋጀው መመዘኛ ናሙና አለ፤ ኮዱ 08/266 ነው። ካሊብሬተራችን፣ ማለትም ኪታችንን የምናስተካክልበት ናሙና፣ ከእሱ ጋር የተሳሰረ እንደሆነ ጠየቀ። ተሳስሯል። ቀጥሎ ያነሳው ግን አላሰብኩበትም ነበር። ኤስኤችቢጂ ሁለት አንድ ዓይነት ክፍሎች ተጣምረው የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። ጥንዱ አንድ ሆርሞን ብቻ ይይዛል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው፣ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያሳየው የክሪስታል ጥናት እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መያዣ ቦታ እንዳለው አሳየ። ታዲያ ናኖሞል በሊትር ብለን ስንጽፍ የምንቆጥረው ጥንዱን ነው ወይስ ነጠላውን? ቁጥሩ ወደ ቀመር ሲገባ የእጥፍ ልዩነት ያመጣል። አሁን በመመሪያችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ከኋላው የመጣው ሰው የነፍሰ ጡር ሴቶችን ናሙና አቅጥነን ለክተን እንደሆነ ጠየቀ። በእርግዝና ጊዜ ኤስኤችቢጂ ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ አንቲቦዲዎቹን ለየብቻ ያጥለቀልቃቸዋል፣ ውጤቱም ከፍ ማለት ሲገባው ይወርዳል። አልለካንም ነበር።

ምላሽ 28 እና 29

ከሁሉ የተሳለው ቃል የመጣው እዚህ ነው። የ11ዱን ሰዎች ጂን ለማንበብ እንዳሰብን ጽፌ ነበር። አንዲት ጸሐፊ ፈቃድ አለሽ ወይ ስትል ያዘችኝ። ሰዎቹ ደም የሰጡት ፕሮቲን እንዲለካ እንጂ ጂናቸው እንዲነበብ አይደለም። ኬሚስቱ በማስ ስፔክትሮሜትሪ የተቀየረውን አሚኖ አሲድ ያለ ጂን ምርመራ ማየት እንደሚቻል ሐሳብ ሰጠ። እሷ አልተቀበለችውም። በጓሮ በር ገብቶ ያንኑ ምሥጢር ማወቅ ከፊት በር ከመግባት አይሻልም፤ ያው ስለ ጂናቸው ማወቅ ነው። አነጋገሯ አመመኝ፣ ግን እውነቷን ነው። በማግስቱ የፈቃድ ቅጹን አዘጋጅተን ለ11ዱም ላክን።

ምላሽ 30 እና 31

ሠላሳኛው የእኔ ነው። እስካሁን ዘጠኙ ፈቅደዋል፣ አንዱ አልፈለገም፣ አንዱ አልመለሰም። ሁለቱ ናሙናዎች ከጥናቱ ይወጣሉ። ኪቱን ለማውጣት የያዝነውን ቀንም አራዝመናል። አንጋፋው ባለሙያ የነገሩንን የመያዝ አቅም ልኬት ከተባበረን ላቦራቶሪ ጋር በ60 ናሙና ላይ እንሠራለን። የነፍሰ ጡሮቹ ናሙና ማቅጠን ነገ ይጀመራል።

የመጨረሻው ቲቢጂ የሌለው ሰው ነው። የእሱ ደም ይጠቅመን እንደሆነ ጠየቀ። ለእኛ አይጠቅምም፤ የኤስኤችቢጂ መጠኑ እንደማንኛውም ሰው ነው። ግን የቲቢጂ ምርመራ ለሚያዘጋጅ ቡድን ከሁሉ በላይ የሚፈለገው እውነተኛ ዜሮ ነው፤ ከሰው የተገኘ፣ ሌላው ሁሉ የተሟላለት፣ ያ ፕሮቲን ብቻ የሌለበት ሴረም። እንዲህ ያለ ናሙና የሚፈልጉ ሰዎች እንደማውቅ ነገርኩት። የእህቱን ልጅም ጠይቆ እንደሚመለስ ጻፈልኝ።